ስንዴና ገብስ ለማይስማማው ሰው የሚሆን የበዓል ፍትፍት

በበዓል ቀን በፃግብጂም ሆነ በሰቆጣ ድፎ ዳቦ ይደፋል፤ ጠላ ይጠመቃል። ነገር ግን ስንዴና ገብስ የሚያሳምመው ሰው አለ።

በስንዴና በገብስ ውስጥ ግሉተን የሚባል ነገር አለ። ሊጡን እንደ ሙጫ የሚያያይዘው እሱ ነው። የአንዳንድ ሰው አንጀት በግሉተን ይጎዳል። ሆዱ ይነፋል፤ ያስቀምጠዋል። ልጅ ከሆነ ይከሳል፤ እድገቱም ይጓተታል።

ጤፍና ማሽላ ግን ግሉተን የላቸውም። ስለዚህ ፍትፍቱን እንዲህ ሥሩ፦

1. እንጀራው የጤፍ ወይም የማሽላ ብቻ ይሁን። እርሾውም ገብስ ካልገባበት ሊጥ የተወሰደ ይሁን።
2. ወፍጮው፣ ወንፊቱና ቡሃቃው ከስንዴና ከገብስ ዱቄት የጸዱ ይሁኑ። ትንሽ ዱቄት እንኳ ይጎዳል።
3. ሽንኩርቱን በደንብ አቁላሉ። በርበሬና ቅቤ ጨምሩ። ዶሮውን አብስሉበት።
4. ትናንት የተጋገረውን እንጀራ ቆራርሳችሁ በወጡ ፈትፍቱ። ወጡ አይብዛበት፤ ይላቁጣል።

ጠላ የገብስ ብቅል ስላለበት በምትኩ የማር ብርዝ ስጡት።

ሕመም የጠረጠረ ሰው ስንዴ ከማቆሙ በፊት ጤና ጣቢያ ሄዶ ይጠይቅ። ካቆመ በኋላ ምርመራው በሽታውን ላያሳይ ይችላል።

የመሶቡ እንጀራ ሁሉ የጤፍ ከሆነ በሽተኛው ለብቻው አይቀመጥም። ከቤተሰቡ ጋር አብሮ ይበላል።