ቴምርና ኦቾሎኒ የገባበት ዳቦ

አንዲት ልጅ ባልንጀሮቿን ደስ ለማሰኘት ብላ ቴምርና ኦቾሎኒ የገባበት ዳቦ ጋገረች፤ ሊጡንም ያቦካችው በቅቤና በእንቁላል ነበር። ቀኑ ግን ዓርብ ነበር። ከትምህርት በኋላ በዘጠኝ ሰዓት ዳቦውን ቆርሳ ብታቀርብ፣ ከአምስቱ ባልንጀሮቿ ሦስቱ ጿሚዎች ነበሩና ዝም ብለው ተቀመጡ። ሁለቱም በእነርሱ ፊት መብላት አፍረው ቁራሻቸውን በእጃቸው እንደ ያዙ ቀሩ። ያማረው ዳቦ ሳይበላ ወደ ቤት ተመለሰ።

ስለዚህ ለሌላ ሰው የሚጋግር ሰው ዱቄቱን ከመስፈሩ በፊት እንግዶቹን ይጠይቃል። ጿሚ ቅቤና እንቁላል አይበላም፤ ይህ ዳቦ ግን ያለ እነርሱ መልካም ሆኖ ይጋገራል። ጣዕሙን ከቴምሩ፣ ቅባቱንም ከኦቾሎኒውና ከኑግ ዘይት ያገኛልና። ሌላም የሚጠየቅ ነገር አለ፤ ይኸውም ከፊተኛው ይብሳል። ኦቾሎኒ ለብዙ ሰው መልካም ምግብ ሲሆን ለአንዳንዱ እንደ መርዝ ነው፤ ጥቂት ቢቀምስ ከንፈሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥራል፣ ሊሞትም ይችላል። እንዲህ ያለ ሰው ካለ ኦቾሎኒው ፈጽሞ ይቅር፤ ከተጋገረ በኋላ ለቅሞ ማውጣት አይበቃም። በፈንታው ዘቢብ ይገባል።

4 ብርጭቆ የስንዴ ዱቄት በወንፊት ተነፍቶ 1 የሻይ ማንኪያ ጨው፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ስኳርና 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት ይጨመርበታል። ከዚያም በአንድ የቡና ስኒ እርሾና ለብ ባለ ውሃ ይቦካል። ሊጡ ከእጅ መጣበቅ እስኪተው ድረስ ደኅና ሆኖ ይታሻል፤ በዚህ የሚሰንፍ ሰው ዳቦው ድንጋይ ይሆንበታል።

እርሾ ማለት በዓይን የማይታዩ ደቃቅ ሕያዋን ናቸው። ሉዊ ፓስተር የተባለው የፈረንሳይ ሊቅ በ1860 በፈረንጆች አቆጣጠር ስለ እርሾ ሥራ የመረመረውን ጽፎ አወጣ። እነዚህ ሕያዋን በሊጡ ያለውን ስኳር እየበሉ አየር መሰል ነገር ያወጣሉ፤ እርሱም በሊጡ ውስጥ ታፍኖ ስለሚቀር ሊጡ ኩፍ ይላል። ብርድ ሥራቸውን ያዘገያል፤ የፈላ ውሃ ግን ይገድላቸዋል።

ሊጡ ኩፍ ካለ በኋላ 1 ብርጭቆ የተከተፈ ቴምርና ግማሽ ብርጭቆ የተቆላ፣ ገለፈቱም የተነሣለት ኦቾሎኒ ይገባበታል። የቴምሩ ዘር አንድ ሳይቀር ይውጣ፤ አንድ ዘር የተረሳ እንደ ሆነ የእንግዳ ጥርስ ይሰብራል። ቴምሩ በአንድ ስፍራ እንዳይከማች አስቀድሞ በጥቂት ዱቄት ይለወሳል። ከዚህ በኋላ ሊጡ እንደ ገና ኩፍ እስኪል ይቆያል።

የኮባ ቅጠል ታጥቦ በእሳት ለብ ለብ ሲደረግ ይለሰልሳል፤ ሳይቀደድም በምጣዱ ላይ ይነጠፋል። ሊጡ በላዩ ይፈስሳል፤ ቅጠሉም ይታጠፍበታል። ከታች እሳት፣ ከላይም በክዳኑ ላይ ፍም ይደረጋል። አንድ ሰዓት ያህል ሲሆን ቀጭን ስንጥር ይወጋበታል፤ ስንጥሩ ሊጥ ሳይዝ ከወጣ ዳቦው በስሏል። ትኩሱን መቁረስ ያጓጓል፤ ነገር ግን ውስጡ ይላቁጣልና እስኪበርድ ይጠበቃል።

ልጅቷም በሚቀጥለው ዓርብ አስቀድማ ጠይቃ፣ በዘይት አቡክታ ጋገረች። ዳቦውን በስድስት ከፈለችው። የሚቆርስ ሰው የመጨረሻውን ቁራሽ እንዲወስድ ተስማምተው ነበርና ስድስቱ ቁራሾች እኩል ሆኑ።