ያውቁ ኖሯል? ስለ ሪግሬሽን፣ ስለ ቴሲስና ስለ 422 ሰዎች

(ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በሀገራችን የማስተርስ ቴሲሶች ውስጥ 422 ወይም 423 የሚል የናሙና ብዛት እየተደጋገመ የሚመጣው በአጋጣሚ አይደለም። የሚጠናው ነገር ስርጭት ካልታወቀ 50 በመቶ ይባላል፤ በ95 በመቶ እርግጠኝነትና በ5 በመቶ የስህተት ወሰን ቀመሩ 384፣ ወደ ላይ ካጠጋጉት 385 ይሰጣል፤ መልስ የማይሰጥ አይጠፋም ተብሎ 10 በመቶ ይታከልበታል። ቀመሩ የተሠራው ግን አንዲት መቶኛን ለመገመት ነው። አሥራ አምስት ቫሪየብል የተሸከመ ሪግሬሽን ስንት ሰው እንደሚፈልግ አይናገርም። የቢዝነስ ተማሪዎች የሚወዱት የያማኔ ቀመርም ከዚህ አይሻልም፤ በ5 በመቶ ስህተት የሕዝቡ ብዛት ሚሊዮን ቢሆንም ከ400 አያልፍም።

ከእነዚያ 422 ሰዎች ውስጥ ሞዴሉ ላይ የሚደርሱት 253 ያህል ብቻ ሊሆኑ ይችላሉ። አሥር ጥያቄዎች እያንዳንዳቸው 5 በመቶ መልስ ቢጎድላቸውና ክፍተቶቹ በየሰዉ ተበታትነው ቢገኙ ውጤቱ ይህ ነው፤ ሶፍትዌሩ አንዲት መልስ የጎደለችውን ሰው ከነሌሎቹ መልሶቹ ያስወጣዋልና። መውጣቱም አንዳንዴ ይሻላል። «መልስ የለም» ለማለት የተጻፈችው 99 ለሶፍትዌሩ ሳትታወጅ ከቀረች፣ ዕድሜውን ያልተናገረው ወጣት የ99 ዓመት አዛውንት ሆኖ ሞዴሉ ውስጥ ቁጭ ይላል።

የሪግሬሽን ሞተር የሆነውን የሊስት ስኩዌር ስሌት በ1805 መጀመሪያ ያሳተመው ፈረንሳዊው ሌዣንድር ነው። ጀርመናዊው ጋውስ በ1809 ብቅ ብሎ «እኔ ከ1795 ጀምሮ ስጠቀምበት ነበር» አለ። ሌዣንድር ምን ያህል እንደተናደደ መገመት አይከብድም። ሁለቱም ያኔ የሚያሰሉት የሰማይ አካላትን ምህዋር ነበር።

«ሪግሬሽን» የሚለውን ስያሜ ያመጣው ፍራንሲስ ጋልተን ነው፤ በ1886 ባሳተመው ጥናት የ205 ጥንድ ወላጆችንና የ928 ልጆቻቸውን ቁመት አነጻጽሯል። ሴቶቹን ከወንዶቹ ጋር ለማመሳሰል የእያንዳንዷን ቁመት በ1.08 አባዛው።

ብዙ ምክንያቶችን በአንድ ቀመር አሰልፎ ማኅበራዊ ጥያቄ ላይ ያዋለው ደግሞ እንግሊዛዊው ጆርጅ ዩል ነው። በ1899 ያጠናው የእንግሊዝን ድህነትና የመንግሥት እርዳታ አሰጣጥን ነበር። በግርጌ ማስታወሻም «ምክንያት» ያልኩትን «ተዛማጅነት» ብላችሁ አንብቡልኝ የሚል ጥንቃቄ ጣል አድርጓል። ዛሬ ዲፌንስ ላይ ፈታኞች የሚያነሷት ነገር ከመቶ ዓመት በላይ ዕድሜ አላት ማለት ነው።

በየኮኤፊሸንቱ አጠገብ የሚቀመጠው የቲ ዋጋ የመጣው ከቢራ ፋብሪካ ነው። ዊልያም ጎሴት የደብሊኑ ጊነስ ሠራተኛ ነበር፤ ድርጅቱ ሠራተኞቹ በስማቸው እንዲያሳትሙ ስለማይፈቅድ በ1908 ጽሑፉን «ተማሪ» በሚል የብዕር ስም አወጣው።

በ1973 በርክሌይ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ለድኅረ ምረቃ ካመለከቱት ወንዶች 44 በመቶውን ሲቀበል፣ ከሴቶቹ የተቀበለው 35 በመቶውን ነበር። በቁሙ ሲታይ አድልዎ ነው። ፒተር ቢክልና ባልደረቦቹ መረጃውን በየትምህርት ክፍሉ ለያይተው በ1975 ሲያሳትሙት ግን ነገሩ ተገለበጠ፤ ሚዛኑ እንዲያውም በጥቂቱ ወደ ሴቶቹ አዘነበለ። ሴቶቹ በብዛት ያመለከቱት ከአመልካቾቻቸው ጥቂቱን ብቻ የሚቀበሉ ክፍሎች ውስጥ ኖሯል። አማካሪዎ «አጀስት አድርጊው»፣ «አጀስት አድርገው» የሚሉት ለዚህ ነው። ያገኙትን ሁሉ ሞዴል ውስጥ መክተት ግን ሌላ ጣጣ አለው። የእናት ትምህርት በልጅ ክትባት ላይ ያለውን ጠቅላላ ተጽዕኖ የሚያጠና ሰው የእርግዝና ክትትልን ከጨመረ፣ ትምህርት ከሚሠራባቸው መንገዶች አንዱን በገዛ እጁ ዘጋው።

ሞዴሉ ከውጤቱ ልዩነት ምን ያህሉን እንዳብራራ የሚናገረው አር ስኩዌር፣ ቫሪየብል በተጨመረ ቁጥር አይቀንስም፤ የስልክ ቁጥርዎን የመጨረሻ አሃዝ ቢጨምሩበት እንኳ። አድጀስትድ አር ስኩዌር የሚባለው የመጣው ይህን ልጓም ለማስያዝ ነው።

ደመወዝን በዕድሜና በአገልግሎት ዘመን ለመተንበይ ሞክረው ያውቃሉ? ሞዴሉ በጥቅሉ ትርጉም ያለው ሆኖ ሁለቱም ቫሪየብሎች ለየብቻቸው ሲታዩ ፒ ቫልዩአቸው ከ0.05 በላይ ሊወጣ ይችላል፤ አንዳንዴ የአንዱ ምልክት ወደ ኔጌቲቭ ይዞራል። አብረው ስለሚያድጉ ሶፍትዌሩ የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። የዚህ መደራረብ መለኪያ የሆነው ቪአይኤፍ ከ10 ካለፈ አስጊ ነው የሚባለው ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም።

ቫሪየብሎቹን አንድ በአንድ «ኖርማል ናቸው ወይ» እያሉ መፈተሽ ድካም ነው። በተራው ሪግሬሽን ኖርማል እንዲሆን የሚፈለገው ሬሲዱዋሉ፣ ማለትም ሞዴሉ ሳይተነብየው የቀረው ትርፍራፊ ነው።

ፍራንሲስ አንስኮም በ1973 አራት የመረጃ ስብስቦች ሠራ፤ እያንዳንዳቸው 11 ነጥብ አላቸው። የኤክስ አማካይ 9፣ የዋይ 7.5፣ ኮሪሌሽናቸው 0.82 ገደማ፣ የሪግሬሽን መስመራቸውም አንድ ዓይነት ነው። ሥዕሉ ሲወጣ ግን አንዱ ደህና መስመር፣ አንዱ ጎባጣ፣ አንዱ በአንዲት አፈንጋጭ ነጥብ የተጣመመ፣ አራተኛው ደግሞ አንዲት ነጥብ ብቻዋን የፈጠረችው መስመር ሆኖ ተገኘ። ስካተር ፕሎት ሳያወጡ ሠንጠረዥ ቴሲስ ላይ መለጠፍ እስካሁን የተለመደ መሆኑ ይገርመኛል።

መልቲቫሪየት የሚባለው ጎራ የሚጀምረው ውጤቶቹ ራሳቸው ከአንድ ሲበልጡ ወይም ብዙ ልኬቶች በአንድነት ሲታዩ ነው። በዚህ ዘርፍ ሮናልድ ፊሸር በ1936 ያሳተመው የ150 አይሪስ አበቦች መረጃ ዛሬም የጀማሪ መለማመጃ ነው፤ ሦስት ዝርያ፣ አራት ልኬት። አበቦቹን የለካው ግን ኤድጋር አንደርሰን ነበር።

ካርል ፒርሰን በ1901 የጀመረው የፕሪንሲፓል ኮምፖነንት ስሌት ደግሞ የኢትዮጵያ ተማሪ ሳያውቀው ከሚጠቀምባቸው አንዱ ነው። በ2016ቱ የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት 16,650 ቤተሰቦች ተዳርሰዋል፤ «የሀብት ደረጃ» የሚለው ቫሪየብል የተሠራው በዚሁ ስሌት ከቤቱ ወለል፣ ከመጸዳጃው፣ ከውኃው ምንጭ፣ ከሬዲዮና ከመሰል ንብረቶች ነው። የሀብት ደረጃን ከነሬዲዮው አንድ ሞዴል ውስጥ የሚከት ሰው ሬዲዮዋን ሁለቴ ቆጠራት። ናሙናውም ከ645 የቆጠራ ቦታዎች የተለቀመ ነው፤ የአንድ ቀበሌ ጎረቤታሞች ስለሚመሳሰሉ እያንዳንዱን ሰው ራሱን እንደቻለ ቆጥሮ ተራ ሪግሬሽን መሥራት ስታንዳርድ ኤረሩን ከሚገባው በላይ ያሳንሰዋል፤ ፒ ቫልዩውም ያለአግባቡ ያምራል።

በዚሁ ጥናት ሌላው ጥንቃቄ የሚሹት ቀኖቹ ናቸው። በኢትዮጵያው ፋይል ውስጥ የልደትና የቃለ መጠይቅ ወራት የተቆጠሩት በራሳችን ዘመን አቆጣጠር ነው። ከኬንያ ወይም ከኡጋንዳ መረጃ ጋር ማጣመር የፈለገ ተማሪ በእያንዳንዱ የወር ቁጥር ላይ 92 መደመር አለበት።