የአልተርኔተር አመራረጥ

አንድ መኪና በሌሊት ከከተማ ርቆ ሲጓዝ የፊት መብራቱ እየደበዘዘ ሄዶ በመጨረሻ ሞተሩ ቢጠፋ፣ ብዙ ሰው ጥፋቱን በባትሪው ላይ ይጥላል። ነገር ግን ባትሪ ኃይል ያስቀምጣል እንጂ አያመነጭም። ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ለመብራቱም ሆነ ለሌላው መሣሪያ ኤሌክትሪክ የሚያመነጨውና ባትሪውን መልሶ የሚሞላው አልተርኔተር ነው። በአገራችን ብዙ ጊዜ «ዲናሞ» የሚባለውም ይኸው ነው፤ ከእርሱ በፊት በመኪና ላይ የነበረው መሣሪያ ስሙን አውርሶታል።

አዲስ ከመግዛታችሁ በፊት የተበላሸው በእርግጥ እርሱ መሆኑን መርምሩ። ሞተሩ ጠፍቶ ሳለ በሚገባ የተሞላ ባትሪ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፤ ሞተሩ ሲነሣ በአብዛኞቹ መኪኖች ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት መድረስ አለበት። ልኬቱ ከፍ ካላለ በቅድሚያ ችንጋው መላላት አለመላላቱን፣ የባትሪው ማሠሪያም ንጹሕ መሆን አለመሆኑን ተመልከቱ። ያለቀው ካርቦኑ ወይም ኩሽኔታው ብቻ ከሆነ ደግሞ ያንኑ አስለውጦ አሮጌውን ማዳን ይቻላል።

መለወጡ ግድ ከሆነ አራት ነገሮችን አመዛዝኑ። አንደኛው ቮልቱ ነው። የቤት መኪና አብዛኛውን ጊዜ በ12፣ ከባድ የጭነት መኪና ግን በ24 ቮልት ይሠራል፤ የ24ቱን ለ12ቱ ማድረግ ባትሪንና አምፖልን ማቃጠል ነው። ሁለተኛው የአምፔሩ መጠን ነው። ባለ 55 ዋት ሁለት የፊት መብራቶች 110 ዋት ይወስዳሉ፤ ይህም ለ12 ቮልት ሲካፈል 9 አምፔር ያህል ይሆናል። የዝናብ መጥረጊያው፣ ራዲዮውና ሌላው ሁሉ በዚህ ላይ ይደመራል። ስለዚህ ባለ 60 አምፔሩን በባለ 40 የተካ ሰው አልተርኔተሩን ከአቅሙ በላይ ያሠራዋል፤ ባትሪውም እየተራቆተ ይሄዳል። አምፔሩ ቢበልጥ ግን መሣሪያዎቹ የሚወስዱት የሚያስፈልጋቸውን ብቻ ስለ ሆነ አይጎዱም፤ ሆኖም ሽቦውና ፊውዙ ብልጫውን የሚሸከሙ መሆን አለባቸው።

ሦስተኛው የብሎን ቀዳዳዎቹና የፑሌጃው ልክ ነው። ፑሌጃው ከቀድሞው ከሰፋ የአልተርኔተሩ ዙር ይቀንሳል፤ መኪናው ቆሞ ሞተሩ በዝግታ ሲሠራም ባትሪው በቂ ኃይል አያገኝም። አራተኛው የሽቦው መሰኪያ ነው፤ በተለይ ሞተራቸው በኮምፒዩተር በሚታዘዝ መኪኖች ላይ የመሰኪያው ዐይነት ከተለየ አልተርኔተሩ በትክክል ላይሠራ ይችላል።

እንግዲህ ወደ መርካቶ ሶማሌ ተራም ሆነ ወደ ሌላ የመለዋወጫ መደብር ስትሄዱ አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ በላዩ የታተመውንም ቁጥር ከምትገዙት ጋር አስተያዩ። ያገለገለ ከሆነ ሳይፈተሽ ገንዘብ አትክፈሉ። በሚገጠምበት ጊዜም አስቀድሞ የባትሪው ኔጌቲቭ ሽቦ ይፈታ፤ ሞተር እየሠራ ባትሪ መንቀል አዲሱን አልተርኔተር በዚያው ቅጽበት ሊያበላሸው ይችላልና።