ጸጥ ያለው የባህር ዳርቻ ባለቤት አለው

በውጭ የምንኖር ሰዎች የዕረፍት ወር ሲደርስ የምንጠራቸው ስሞች የታወቁ ናቸው። ዱባይ፣ ዛንዚባር፣ ሞምባሳ፣ አቅም ያለው ደግሞ ካንኩን። “ምዕራብ አፍሪካ ልሂድ” የሚል ሰው ብዙም አይገጥመኝም። እኔ ግን የጋናን ባህር ዳርቻ ከቮልታ ወንዝ መጨረሻ እስከ ምዕራቡ ጫፍ በሁለት ጉዞ አይቼዋለሁ። ይህን የሚያውቁ ወዳጆቼ “ሰው የሌለበት ጸጥ ያለ ቦታ ጠቁመን” ይሉኛል። መጠቆሙን እጠቁማለሁ። “ሰው የሌለበት” የምትለዋ ቃል ላይ ግን የምለው አለኝ።

በመጀመሪያ ቦታዎቹን ላንሳ። የጋና ባህር ዳርቻ ወደ 550 ኪሎ ሜትር ይረዝማል። አብዛኛው ጎብኚ ግን እዚያው አክራ ከተማ፣ ላባዲ ላይ ይቀራል። ቅዳሜና እሁድ ሙዚቃው፣ ሻጩ፣ ሕዝቡ ሌላ ነው፤ ጨዋታ ለሚወድ ጥሩ ቦታ ነው። ጸጥታ ፈላጊ ከከተማው መውጣት አለበት። ወደ ምሥራቅ ከሄዳችሁ አዳ ፎአ አለች። ቮልታ ወንዝ ከአትላንቲክ ጋር የሚገናኘው እዚያ ነው፤ በአንድ በኩል የወንዙ ውሃ፣ በሌላ በኩል የባህሩ ማዕበል፣ መሃሉ ላይ ቀጭን አሸዋ። ወደ ምዕራብ ከሄዳችሁ ደግሞ ታኮራዲን አልፋችሁ ቡሱዋን፣ ቡትሬን፣ ከዚያም የአገሪቱ ደቡባዊ ጫፍ የሆነችውን ኬፕ ስሪ ፖይንትስን ከነመብራት ቤቷ ታገኛላችሁ። ወደዚያ ሲጠጋ መንገዱ ይከፋል። ጸጥታውን ያቆየውም እሱው ነው መሰለኝ።

መጓጓዣው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ትሮትሮ የሚሉት ሚኒባስ ካልሞላ አይነሳም፤ ረዳቱም መድረሻውን እየጮኸ ይጠራል። “ፒያሳ፣ አራት ኪሎ!” እየሰማ ያደገ ሰው ባይተዋርነት አይሰማውም። ከአዲስ አበባ አክራ ቀጥታ በረራ አለ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ የግድ ነው፤ ስለ ወባ መድኃኒትም ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ። ደረቁ ወቅት ከኅዳር እስከ የካቲት ነው፤ ግንቦትና ሰኔ ዋናው ዝናብ ነው።

አሁን ወደ ነገሬ ልግባ። ከላይ የጠራኋቸው ቦታዎች ጸጥ ያሉ ናቸው እንጂ ባዶ አይደሉም። ለእኛ መዝናኛ የሆነው አሸዋ ለመንደሩ የሥራ ቦታ ነው። ጠዋት ላይ ወንዶቹ ትልቁን መረብ በገመድ ከባህር ሲጎትቱ ታያላችሁ፤ ሃያ ሠላሳ ሰው ሆነው፣ በዜማ እየተቀባበሉ። ዓሣው መሬት ሲነካ ደግሞ ሥልጣኑ የሴቶቹ ነው። የሚገዙት፣ በጭስ የሚያደርቁት፣ ገበያ የሚያወጡት እነሱ ናቸው። በፋንቴ ከተሞች “ኮንኮሄማ” የምትባል የዓሣ ነጋዴዎች አለቃ አለች፤ በዋጋ የምትከራከረው እሷ ናት። ታዲያ ፎጣውን ይዞ የመጣ እንግዳ ገመዱ የሚያልፍበት ላይ ተኝቶ “እንዴት ያለ ሰላም ነው!” ቢል ትዝብት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ማክሰኞ። በአብዛኛው የጋና ዳርቻ ማክሰኞ ጀልባ ወደ ባህር አይወጣም። እንደየአካባቢው ቀኑ ሊለያይ ይችላል፤ ነገር ግን ባህሩም ያርፋል የሚለው ልማድ ከጥንት የመጣ ነው። በዚያ ቀን ሰዎቹ ጥላ ሥር ተቀምጠው መረብ ይጠግናሉ፣ ልጆች ኳስ ይጫወታሉ። ጸጥታውን ከፈለጋችሁ ቀኑ ይኸው ነው። ግን “ገንዘብ እከፍላለሁ፣ ዛሬ በጀልባ አውጣኝ” ብላችሁ አታስቸግሩ። የእኛ ገበሬ በበዓል ቀን ሞፈር አያነሳም፤ ከዚህ ምን ይለያል?

የዚህ ሕዝብ ኑሮ ደግሞ ከሁለት ወገን እየተሸረሸረ ነው። አንደኛው ከባህሩ በኩል ነው። ትልልቅ የዓሣ መርከቦች ትንንሹን ዓሣ ሳይቀር ጠርገው ያወጣሉ። “ሳይኮ” በሚባለው ሕገ ወጥ ንግድ የቀዘቀዘውን ዓሣ ባህር ላይ ለጀልባ ሸጠው፣ ዓሣ አጥማጁ ድሮ ራሱ ያወጣው የነበረው ዓሣ ተመልሶ ገበያው ላይ ይቸበቸባል። ሁለተኛው ከመሬቱ ነው። ማዕበሉ ዳርቻውን እየበላ ነው። ኬታ የምትባለው ከተማ ዴንማርኮች እ.ኤ.አ. በ1784 የሠሩት ምሽግ አለ፤ ከፊሉን ባህር የወሰደው በ1980 ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 የተጠናቀቀው የአኮሶምቦ ግድብ ወንዙ ወደ ባህር ያመጣው የነበረውን አሸዋ አስቀርቶታል። በዚያ ላይ ለግንባታ እየተባለ ከዳርቻው በመኪና የሚጫነው አሸዋ አለ። እኛም ስለ ግድብ ብዙ የምናወራ ሕዝብ ነንና ይህን ማወቅ አይጎዳንም፤ አኮሶምቦ ለጋና ብርሃን ሰጥቷል፣ ሂሳቡን ግን በወንዙ መጨረሻ ያሉት መንደሮችም ከፍለዋል።

ከቆሻሻው ውስጥም የእኛ ድርሻ አለበት። አክራ ውስጥ ካንታማንቶ የሚባል ግዙፍ የልባሽ ጨርቅ ገበያ አለ። እኛ አውሮፓና አሜሪካ ቁም ሣጥን ስናጸዳ “ለድሃ ይድረስ” ብለን ሳጥን ውስጥ የምንጥለው ልብስ በቦንዳ ታስሮ ከሚሄድባቸው ቦታዎች አንዱ ነው። የሚሸጠው ብዙ ነጋዴና ልብስ ሰፊ ያኖራል። የማይሸጠው ግን ቦይ ውስጥ ይገባል፣ ዝናብ ይወስደዋል፣ ባህሩም መልሶ ይተፋዋል። አክራ ዳርቻ ላይ ከአሸዋው ጋር ተገምዶ እንደ ሥር የተቀበረ ልብስ ስስብ አይቻለሁ፤ ጎትቼ አልጨረስኩትም። እንግዲህ ኃላፊነት ያለበት ጉዞ አውሮፕላን ላይ ከመውጣት በፊት፣ ልብስ መግዣው ላይ ይጀምራል ማለት ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? አንሂድ አልልም። መሄዱ ጥሩ ነው፤ ገንዘቡ የት እንደሚያርፍ ማሰብ ነው ቁም ነገሩ። የመንደሩ ሰው በሚያስተዳድረው ማረፊያ እደሩ። አስጎብኚ ከዚያው ውሰዱ። ኬንኪውን ከተጠበሰ ዓሣና ከሺቶ ጋር ብሉ፤ የበቆሎ ሊጥ ተቦክቶ የሚሠራ ስለሆነ ኮምጠጥ ያለው ጣዕም ለእንጀራ ልጅ አይከብድም። ሰላምታ ሳትሰጡ ጥያቄ አትጀምሩ፤ በግራ እጅ አትስጡ፣ አትቀበሉም። ሰው ከማንሳታችሁ በፊት ፈቃድ ጠይቁ፣ በተለይ ልጆችን። ከነሐሴ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ የባህር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል ሌሊት ወደ አዳና አካባቢው ይወጣሉ፤ የእጅ ባትሪና የስልክ መብራት ያስደነግጣቸዋል። ማየት ከፈለጋችሁ የአካባቢውን አስጎብኚ ይዛችሁ፣ ርቃችሁ እዩ።

ስለ ዋናም ልናገር፤ ብዙዎቻችን ደገኞች ነን። የጊኒ ባሕረ ሰላጤ ማዕበል ከላይ የዋህ ይመስላል፣ ከሥር ግን ይጎትታል። ጠባቂ ያለበት ዳርቻ ጥቂት ነው። ዓሣ አጥማጆቹን “የት ይዋኛል?” ብላችሁ ሳትጠይቁ አትግቡ። ውሃው ከወሰዳችሁ ፊት ለፊት አትታገሉት፤ ከዳርቻው ጎን ለጎን ዋኝታችሁ ውጡ።

ኤልሚናን ሳታዩ ደግሞ አትመለሱ። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1482 የሠሩት ምሽግ ነው፤ በ1637 ሆላንዶች ያዙት፤ በባሪያ ንግድ ዘመን ስንቱ ከዚያ ተጭኗል። ጎረቤቱ ኬፕ ኮስት ውስጥ ደግሞ ጸሎት ቤቱ የተሠራው ወንዶቹ ከታሰሩበት ጨለማ ክፍል በላይ ነው። በዚያ ጨለማ ውስጥ ሳቅ ብሎ ሰልፊ የሚነሳ ሰው አይቻለሁ፤ ለቅሶ ቤት ካሜራ እንደማውጣት ነው የቆጠርኩት። “የማይመለሱበት በር” ከተባለው ወጥታችሁ ስትቆሙ ፊት ለፊታችሁ ባለ ቀለም ጀልባዎች፣ መረብ የሚጠግኑ ሽማግሌዎች፣ የሚሯሯጡ ልጆች ናቸው። ሕይወት እዚያው በሩ ላይ ቀጥላለች።

ከምዕራቡ ጫፍ ሳትርቁ ንክሮፉል የምትባል መንደር አለች፤ ክዋሜ ንክሩማ የተወለዱባት። አዲስ አበባ ላይ በአፍሪካ ኅብረት ግቢ ሐውልታቸው የቆመው ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1963 አዲስ አበባ መጥተው አፍሪካ አንድ ትሁን ብለው ሲሟገቱ፣ አንዳችን የሌላችንን አገር እናውቃለን ብለው አስበው ይሆናል። እስካሁን ግን እኛ ከአክራ ይልቅ ፓሪስን እናውቃለን።

እኛ ስለ ባህር ስናወራ ብዙ ጊዜ የምናነሳው ወደብ ነው፤ ማን ወሰደው፣ ማን ያገኘዋል። በባህሩ ዳር ስለሚኖረው ሰው ግን ብዙ አንነጋገርም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳር የነበረ ሰው ዛሬ ውሃውን ለማየት በሆቴል በር አልፎ ቡና ማዘዝ የሚያስፈልገው ከሆነ፣ ነገ ቡሱዋ ላይም ያው ሊሆን ይችላል። እንግዳ በበዛ ቁጥር አጥር ይመጣል፤ አጥር ሲመጣ መረብ የሚጎትተው ሰው ቦታ ያጣል። ጸጥ ያለ ዳርቻ ስታገኙ “ማንም የማያውቀው ቦታ አገኘሁ” አትበሉ። የሚያውቁት ሰዎች እዚያው ናቸው፤ ጠዋት ተነስታችሁ ሰላም በሏቸው፣ ገመዱም ከከበዳቸው አብራችሁ ሳቡ።

ቸር ያገናኘን።