የጠገራ ብር ዋጋ የሚወጣው እንዴት ነው?

መርካቶ ውስጥ ጠገራ ብር ለሽያጭ ሲቀርብ የመጀመሪያው ዳኛ ሚዛን ነው። ብር ሠሪው ሳንቲሙን ይመዝናል፣ ግራሙን በዕለቱ የብር ዋጋ ያባዛል፣ የማቅለጫውንና የትርፉን ቀንሶ ቁርጡን ይናገራል። ያችው ጠገራ በኢንተርኔት ጨረታ ላይ ብትወጣ ግን ስለ ክብደቷ የሚጠይቀው ጥቂት ሰው ነው። የት ተመታች? ፊቷ ላይ ጭረት አለ? ታጥባለች? ተበስታ አንገት ላይ ውላለች? ደረጃ የሰጣት ማን ነው? ጥያቄው ይህ ነው። አንዱ ማዕድን ይገዛል፣ ሌላው ዕቃ ይገዛል። ሁለቱም አልተሳሳቱም፤ የሚጎዳው የትኛውን እየሸጠ እንደሆነ ያላወቀው ባለ ሳንቲም ነው።

ከማዕድኑ እንጀምር፣ እሱ በሒሳብ ያልቃል። የማሪያ ትሬዛ ጠገራ 28.07 ግራም ትመዝናለች። ከዚህ ውስጥ 83.3 በመቶው ንጹሕ ብር፣ የቀረው መዳብ ነው፤ ንጹሑ 23.39 ግራም ያህል ይሆናል። የዓለም ገበያ ብርን የሚተምነው በአውንስ ስለሆነ፣ የዕለቱን የአውንስ ዋጋ በ0.752 ማባዛት የአንዲት ጠገራን የማዕድን ዋጋ ይሰጣል። የዳግማዊ ምኒልክ ብርም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ሆን ተብሎ ከጠገራዋ ክብደት ጋር እንዲስማማ ተደርጎ በፓሪስ የተመታ ነውና። ይህ ቁጥር ወለሉ ነው፤ ብር ቤቱ ለማቅለጫና ለትርፍ ከሚቀንሰው በቀር ደህና ሳንቲም ከዚህ በታች አይሸጥም።

ሐሰተኛውን ለመለየትም ሚዛኑ ብቻውን አይበቃም፤ አስመሳይ ክብደቱን ሊያስተካክለው ይችላል። ክብደትንና ይዘትን አንድ ላይ ማስተካከል ግን ይቸግረዋል። የወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ ይቀመጥና ሚዛኑ ወደ ዜሮ ይመለሳል። ከዚያ ሳንቲሟ በቀጭን ክር ታስራ፣ የብርጭቆውን ታችና ጎን ሳትነካ ውኃው ውስጥ ትሰጥማለች። ሚዛኑ ላይ የሚወጣው ቁጥር የገፋችው ውኃ ክብደት ነው። እውነተኛ ጠገራ 2.75 ግራም አካባቢ ታሳያለች፣ የቅይጡ እፍጋት 10.2 ያህል ነውና። ከመዳብና ኒኬል የተሠራች አስመሳይ በዚያው ክብደት ከ3.1 በላይ ታሳያለች። ማግኔት የሚስባት ከሆነች ደግሞ ውኃም አያስፈልግም። በአርኪሜዲስ መርህ ላይ የተመሠረተው ይህ ዘዴ ሳንቲሙን ሳይፍቁና አሲድ ሳያንጠባጥቡ የሚመረመርበት ስለሆነ፣ ብር ቤቶቻችን ቢለምዱት ደስ ይለኛል።

ከማዕድኑ ቀጥሎ ሰውን የሚያሳስተው ዓመተ ምሕረቱ ነው። ጠገራዋ ላይ 1780 ተጽፏል። ይህ መልኳ ሳንቲሟ ላይ ያለው ንግሥት ማሪያ ትሬዛ የሞተችበት የፈረንጆች ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ለሁለት መቶ ዓመታትና ከዚያ በላይ፣ እስከ ዛሬም በቪየና፣ ቀኑ ሳይለወጥ ስትመታ ኖራለች። የቀይ ባሕር አካባቢ ነጋዴ ሌላ ዓመት ያለባትን አልቀበልም ስላለ ነው። የቀደሙት ነጋዴዎቻችን የንግሥቲቱን የደረት ጌጥ እንቁዎች እየመረመሩ፣ ቅርጹ የደበዘዘውን ይመልሱ እንደነበር ይታወቃል፤ ያኔም ደረጃ ማውጣት ነበረ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የመምቻውን መብት ከኦስትሪያ ወስዶ ሮም ላይ አስመታት፤ እንግሊዞችም በበኩላቸው ለንደን ላይ መምታት ጀመሩ። ስለዚህ «የ1780 ጠገራ አለኝ፣ ሁለት መቶ አርባ ዓመት አልፏታል» የሚል ሻጭ ስለ ሳንቲሙ ዕድሜ ገና ምንም አልተናገረም። ሰብሳቢው የጀርባዋን ንስር የጅራት ላባና የደረት ጌጡን ቅርጽ እያየ ቪየናን ከሮም፣ ሮምን ከለንደን ይለያል፤ ዋጋው የሚራራቀውም እዚያ ላይ ነው።

የቆመ ቀን የጠገራዋ ብቻ አይደለም። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተመቱት ሳንቲሞች 1936 ዓ.ም. እንደተጻፈባቸው ለብዙ ዓመታት ሲመቱ ቆይተዋል። በዚያው ቀን ውስጥ ግን ልዩነት አለ፦ ዳሩ ክብ የሆነው ባለ 25 ሳንቲም፣ ዳሩ ከተሞገደው እጅግ ያንሳል። ክቡ በብር ተለብጦ እንደ 50 ሳንቲም እየታለፈ ስላስቸገረ ነበር ዳሩ እንዲሞገድ የተደረገው። መሳቢያ ውስጥ የተረሳ የድሮ ሳንቲም ያለው ሰው ቀኑን ትቶ ዳሩን ቢያይ ይሻለዋል።

አሁን ወደ ደረጃው። ዛሬ የሚሠራበት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ መለኪያ የመጣው ከአሜሪካዊው ዊሊያም ሸልደን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1949 ስለ ቀደምት የአሜሪካ ሳንቲሞች በጻፈው መጽሐፍ አወጣው። የሚገርመው መለኪያው ሲወለድ የዋጋ ቀመር ነበር። ደረጃ 1 የሆነችው፣ ማንነቷ ብቻ የሚለየው ያረጀች ሳንቲም አንድ ዶላር ካወጣች፣ ደረጃ 70 የሆነችው ሰባ ዶላር ታወጣለች የሚል ሐሳብ ነው። ቀመሩ ብዙ ሳይቆይ ፈረሰ፣ ቁጥሮቹ ግን ቀሩ። ዛሬ ከ60 ጀምሮ ያለው ደረጃ እጅ ላይ ላልዋለ ሳንቲም የተተወ ሲሆን፣ በ64 እና በ66 መካከል ያለውን ልዩነት ያልሠለጠነ ዓይን አያየውም፤ ዋጋው ግን እጥፍ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ1986 ፒሲጂኤስ፣ በ1987 ደግሞ ኤንጂሲ የተባሉት የአሜሪካ ድርጅቶች ሳንቲሙን መርምረው፣ ደረጃውን ጽፈው፣ በማይከፈት ፕላስቲክ ውስጥ አሽገው መመለስ ጀመሩ። ቡናችን ቀምሶት በማያውቅ ገዢ ፊት በደረጃው እንደሚሸጥ፣ ሳንቲምም ሳይጨበጥ በደረጃው መሸጥ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

ለዚህ ደረጃ ከሁሉ የከፋው ጠላት የእኛው ንጽሕና ወዳድነት ነው። ሳንቲም ሲመታ ብረቱ በግፊት ይፈስስና ፊቱ ላይ በዓይን የማይለዩ ጥቃቅን መስመሮች ይተዋል፤ ሳንቲሙ ሲዞር አብሮት የሚሽከረከረው አንጸባራቂ ብርሃን የሚመጣው ከእነዚህ መስመሮች ነው። በአመድ የፈተገው፣ በሎሚ ያጠበው፣ በጥርስ ሳሙና ያሸው ሰው መስመሮቹን አብሮ ያነሳቸዋል። ሳንቲሙ ያብለጨልጫል፣ ያ ብርሃን ግን አይመለስም። ጥቁረቱ ራሱ ብዙ ጊዜ ቆሻሻ አይደለም፤ ብር ከአየር ውስጥ ካለ ድኝ ጋር ሲገናኝ የሚፈጠር ስስ ሽፋን ነው፣ ሰብሳቢውም የእድሜ ምስክር አድርጎ ያየዋል። ደረጃ ሰጪዎች የታጠበችውን ቁጥር ነፍገው «ታጥባለች» ብለው ይጽፉባታል። በአገራችን ብዙ ጠገራ ተበስቶ ወይም ማንጠልጠያ ተበይዶበት የአንገት ጌጥ ሆኗል፤ እንዲህ ያለው ሳንቲም ለባህል ጌጥ ፈላጊ ውድ፣ ለሳንቲም ሰብሳቢ ግን ከወለሉ ብዙም የማይርቅ ነው።

ደረጃ ሰጪዎቹ በየደረጃው ስንት ሳንቲም እንዳሸጉ የሚያሳይ ቆጠራ ያወጣሉ። ኢትዮጵያዊ ሳንቲም ላይ ይህ ቆጠራ አደገኛ ነው ባይ ነኝ። «በዚህ ደረጃ በዓለም ላይ የታሸጉት ሦስት ብቻ ናቸው» ሲባል ጆሮ ይቆማል። ሦስት የሆኑት ግን ሌላ ስለሌለ ላይሆን ይችላል፤ የላከ ሰው ስለሌለ ሊሆን ይችላል። የምርመራው ክፍያና የማጓጓዣው ወጪ ከሳንቲሙ ዋጋ ከበለጠ ማን ይልካል? ስንት ተመታ የሚለው ቁጥርም በተቃራኒው ያሳስታል። አየርላንድ እ.ኤ.አ. በ1966 የፋሲካውን ዐመፅ ሃምሳኛ ዓመት ለማሰብ ከዐመፁ መሪዎች የአንዱን፣ የፓትሪክ ፒርስን መልክ የያዘ ባለ አሥር ሽልንግ ሳንቲም፣ በብሩ ጥራት ከጠገራችን የሚስተካከል፣ ሁለት ሚሊዮን ያህል አስመታች። ሕዝቡ አልወደደውም፤ ከግማሽ በላዩ ተመልሶ ቀለጠ። ያም ሆኖ የተረፈው ለሰብሳቢዎች ስለሚበቃ፣ ተራው ዛሬም ከማዕድኑ ዋጋ ብዙ አይርቅም። ወሳኙ የተረፈው ከፈላጊው ጋር ሲነጻጸር ነው።

የእኛ መታሰቢያ ሳንቲሞች ታሪክ ሌላ ነው። በዚያው 1966፣ በእኛ 1958 ዓ.ም.፣ የንጉሠ ነገሥቱን 75ኛ የልደት በዓል ለማሰብ ከባለ 10 እስከ ባለ 200 ብር የሚደርሱ የወርቅ ሳንቲሞች ወጡ። ባለ 200ው ብቻውን 80 ግራም ይመዝናል፤ 90 በመቶው ወርቅ ነው። በደርግ ጊዜ፣ በ1970 ዓ.ም.፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃ በወጣው ስብስብ ውስጥ ዋልያ ያለበት ባለ 600 ብር የወርቅ ሳንቲም ሲገኝ፣ የተመታው ከአንድ ሺህ በታች ነው። እንዲህ ያለ ወርቅ ላይ ማዕድኑ የዋጋውን አብዛኛውን ክፍል ስለሚይዝ ደረጃው የሚጨምረው በመቶኛ ሲሰላ ትንሽ ነው፤ ዋልያው ግን በቁጥሩ ማነስ ከዚህ ይወጣል። ወርቅ ሲወደድ ተራው ወደ ማቅለጫ ይሄዳል።

ደረጃው ታወቀ እንበል። ጨረታው ዋጋውን የሚያወጣው እንዴት ነው? በኢቤይ ዓይነት ጨረታ ተጫራቹ የመጨረሻ አቅሙን ያስገባል፣ ማሽኑ በእሱ ፋንታ ቀስ እያለ ይጨምራል። አንዱ እስከ 300 ዶላር፣ ሁለተኛው እስከ 210፣ ሦስተኛው እስከ 80 ቢደርሱ፣ አሸናፊው የሚከፍለው ከ210 ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ዋጋ ያወጣው አሸናፊው ሳይሆን ተሸናፊው ነው፤ ዊሊያም ቪክሪ እ.ኤ.አ. በ1961 የተነተነው፣ በኋላም ኖቤል ካሸለሙት ሥራዎች አንዱ ይኸው ነው። አሁን ያ ሁለተኛው ሰው በዚያ ሳምንት እንቅልፍ ወሰደው እንበል። ያቺው ሳንቲም በ80 ዶላር አካባቢ ትሄዳለች። ሳንቲሟ አልተለወጠችም። የኢትዮጵያ ሳንቲም ሰብሳቢ በዓለም ላይ ጥቂት ስለሆነ የአንድ ሰው መኖርና መቅረት ዋጋውን እንዲህ ያናውጠዋል፤ አንድ የተሰማ ትልቅ ሽያጭ ይዞ «የእኔም ይህን ያወጣል» ማለት የማያዋጣው ለዚህ ነው። ከዚህ የባሰው የተጠየቀን ዋጋ እንደተሸጠ መቁጠር ነው። ሻጭ አንድ ሚሊዮን ብሎ መለጠፍ ይችላል፤ መርካቶ የሚያድግ ልጅ የመጀመሪያው ጥሪ ዋጋ እንዳልሆነ ያውቃል፣ ስልኩ ላይ ሲያየው ግን ያምነዋል። የሚታየው የተጠናቀቁ ሽያጮች መዝገብ ነው፤ ከዚያም ውስጥ ትልቁ ሳይሆን መካከለኛው።

የቀረው መተማመን ነው። ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 እንዳሳየው፣ ገዢው እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ካቃተው የሚያቀርበው የሁለቱን አማካይ ነው። እውነተኛው 100፣ ሐሰተኛው 10 ቢያወጡና እኩል ቢሆኑ ገዢው 55 ይላል፤ የ100ውን የያዘ ሻጭ ይወጣል፣ ገበያው ላይ ፎርጅዱ ብቻ ይቀራል። መርካቶ ይህን የፈታው በደንበኝነት ነው፤ ነገም እዚያው ሱቅ የሚገኝ ሰው ዛሬ ለማታለል ይፈራል። በኢንተርኔት ፊት የለም፣ ስለዚህ የታሸገው ፕላስቲክና የሻጩ ስም ቦታውን ይይዛሉ። በአሜሪካ ሳንቲሞች ላይ የተደረገ የኢቤይ ጥናት መጥፎ አስተያየት ዋጋ የሚጎዳውን ያህል ጥሩ አስተያየት እንደማይጠቅም አሳይቷል። ፕላስቲኩም ቢሆን ይመሰላል፤ ላዩ ላይ ያለው ቁጥር በደረጃ ሰጪው ገጽ ላይ ሳይመሳከር ገንዘብ አይከፈልም።

ለሁሉም ሳንቲም እሽግ ያዋጣል ብዬ አላምንም። ለተለመደችው፣ ለታጠበችው፣ ለተበሳችው ጠገራ የብር ቤቱ ሚዛን ትክክለኛው ዋጋ ነው፤ ደረጃ ማሠጠት ገንዘብ ማባከን ይሆናል። ላልታጠበ የምኒልክ ብር፣ ለክቡ 25 ሳንቲም፣ ለወርቁ ዋልያ ግን ከማቅለጫው በፊት አንድ ጥሩ ፎቶና አንድ የሁለተኛ ሰው አስተያየት ይገባዋል። ሳንቲሙን ወደ ውጭ ጨረታ ለመላክ የሚያስብ ሰው ደግሞ ከፖስታ ቤቱ በፊት የቅርስ ባለሥልጣንን ይጠይቅ፦ በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስን ያለ ፈቃድ ከአገር ማውጣት ክልክል ነው።