ያውቁ ኖሯል? ከሩቅ ብልጭ ድርግም የሚለው የጌም አስፋልት

ራስዎ ለመኪና ውድድር ጌም በሠሩት ትራክ ላይ ሲነዱ ቅርቡ ጥርት ብሎ፣ ሩቁ አስፋልት ግን እየተርመሰመሰ ያስቸግርዎታል? ኮምፒውተርዎን አይውቀሱ።

ያውቁ ኖሯል? 1024 በ1024 የሆነ የአስፋልት ቴክስቸር (ገጽታው ላይ የሚለጠፍ ምስል) ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነጥቦች አሉት፤ ከሩቅ ሲታይ ግን ስክሪኑ ላይ የሚያገኘው ቦታ ጥቂት ፒክስል ነው። ጌሙ ከዚያ ሁሉ ጥቂቱን ይመርጣል፤ ካሜራው ንቅንቅ ሲል ሌላውን ይመርጣል። ብልጭታው ይኸው ነው።

ያውቁ ኖሯል? መድኃኒቱ ሚፕማፕ ይባላል፤ ላንስ ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ1983 ያሳተመው ዘዴ ነው። ምስሉ በቅድሚያ በግማሽ በግማሽ እየተቀነሰ እስከ አንድ ፒክስል ይወርዳል፤ ግራፊክስ ካርዱም እንደ ርቀቱ የሚመጥነውን ያነሳል። ለ1024ቱ ምስል 11 ደረጃ መሆኑ ነው። ብዙ ቢመስልም ተጨማሪው ሸክም ከዋናው ምስል ሲሶ ገደማ ብቻ ነው። ቴክስቸሩን በዲዲኤስ ፋይል ሲያስቀምጡ ሚፕማፕ አብሮ እንዲሠራ ማዘዝዎን አይርሱ።

ያውቁ ኖሯል? «ምስሉ ይጥራልኝ» ብለው የሚፕማፕ ምርጫውን ወደ ትልልቆቹ ምስሎች የሚገፉ ሰዎች ብልጭታውን በገዛ እጃቸው ይመልሱታል። መንገዱ ከሩቅ ከደበዘዘብዎ አኒሶትሮፒክ ፊልተሪንግ የሚባለውን የግራፊክስ ቅንብር እስከ 16 ከፍ ያድርጉ።

ያውቁ ኖሯል? የሽቦ አጥር ግን በሚፕማፕም ይፈትናል። ምስሉ ሲያንስ ቀጭኑ ሽቦ ከባዶው ጋር ይቀላቀልና አጥሩ ከሩቅ ይጠፋል። በየደረጃው የአልፋውን (ነጥቡ ምን ያህል እንደሚታይ የሚወስነውን ቁጥር) መጠን ከፍ ማድረግ ያድነዋል።

ያውቁ ኖሯል? አስፋልቱ ላይ የተነጠፈው ነጭ መስመር እየተቆራረጠ ከታየ ነገሩ ሌላ ነው። ጌሙ የእያንዳንዱን ፒክስል ርቀት በቁጥር ይመዘግባል፤ ኋላ ፒክሳርን ከመሠረቱት አንዱ የሆነው ኤድ ካትሙል እ.ኤ.አ. በ1974 በዶክትሬት ጽሑፉ ያቀረበው ዘዴ ነው። ችግሩ የቁጥሮቹ ክፍፍል ነው። በተለመደው አሠራር ካሜራው ማየት የሚጀምረው ከ10 ሳንቲሜትር ከሆነ፣ ከቁጥሮቹ ግማሽ ያህሉ በ10 እና በ20 ሳንቲሜትር መካከል ያልቃሉ! ለመቶ ሜትሮቹ የሚተርፈው ፍርፋሪ ስለሆነ ጌሙ መስመሩንና አስፋልቱን መለየት ያቅተዋል። መነሻውን ወደ 1 ሜትር መግፋት የሩቁን ልኬት አሥር እጥፍ ያህል ያሻሽላል፤ ትራክ ሠሪ ግን ብዙ ጊዜ ይህን የመቀየር ሥልጣን የለውም። መስመሩን ጥቂት ሳንቲሜትር ማንሳት ይቻላል፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን የአስፋልቱ ቴክስቸር ላይ አብሮ መሣል ነው።

የትኛው ችግር እንደያዘዎ ካልለየልዎ መስመሩን ለጊዜው ይደብቁት። ብልጭታው አብሮት ከጠፋ የርቀት ቁጥር ጉዳይ ነው፤ ካልጠፋ ወደ ሚፕማፑ ይመለሱ።