የቆቃን ውኃ ማን ይመርምረው?

ልጆቻችን ስለ ጦሃራ መማር ሲጀምሩ ቀድመው ከሚሰሟቸው ነገሮች አንዱ፣ ነጃሳ ገብቶበት ቀለሙ፣ ጣዕሙ ወይም ሽታው የተለወጠ ውኃ ለዉዱእ እንደማያገለግል ነው። ነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) በረጋ ውኃ ውስጥ መሽናትን መከልከላቸውም በሰፊው የታወቀ ነው። ስለዚህ ውኃን መመርመርም ሆነ ከብክለት መጠበቅ ለቤታችን እንግዳ ትምህርት አይደለም። ዓይን፣ አፍንጫና ምላስ ለአንዲት ኩሬ ያገለግሉ ይሆናል። ከመቶ ስኩዌር ኪሎ ሜትር በላይ ለሚሸፍን፣ ያውም ሰው ለሚጠጣው ሐይቅስ?

ከሞጆ ወደ መቂ የተጓዘ ሁሉ በስተግራው የቆቃን ሰው ሠራሽ ሐይቅ አይቷል። ግድቡ የተሠራው ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሳ ሲሆን፣ ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1960 ነው። 43 ሜጋ ዋት ያህል ኃይል እንዲያመነጭ የታቀደ ነበር። ከግድቡ የሚለቀቀው ውኃ ታች ያሉትን አዋሽ 2ን እና አዋሽ 3ን ያንቀሳቅሳል፣ የወንጂን ሸንኮራ አገዳ ያጠጣል፣ ተጣርቶም ለአዳማ ከተማ ይደርሳል። በሐይቁ ዳር የሚኖረው ገበሬ ግን ማጣሪያ የለውም። ጀሪካኑን ይዞ ወርዶ ይቀዳል፣ ከብቱንም እዚያው ያጠጣል።

አዋሽ ቆቃ ከመግባቱ በፊት ብዙ ይሸከማል። የአዲስ አበባ ቆሻሻ በታላቁና በትንሹ አቃቂ ወንዞች ወርዶ በአባ ሳሙኤል በኩል ይደርሰዋል። በስተሰሜን የሞጆ ወንዝ ከቆዳ ፋብሪካዎችና ከከተማው የሚወጣውን ይዞ ሐይቁ ውስጥ ይገባል። ቆዳ ለማልፋት የሚውለው ክሮሚየም ከዚህ ይመጣል። ከእርሻ ማሳ ደግሞ ማዳበሪያና አፈር ይታጠባል። አፈሩ ራሱ ትልቅ ጣጣ ነው፤ ሐይቁ በመጀመሪያዎቹ አርባ ዓመታት ብቻ ከመያዝ አቅሙ ከአራት አንድ እጅ የሚበልጠውን ለደለል አስረክቧል። አባ ሳሙኤልማ ከነጭራሹ ተደፍኖ፣ ማመንጫው ለአሥርተ ዓመታት ከቆመ በኋላ ነው እ.ኤ.አ. በ2016 በቻይና እርዳታ የታደሰው።

ታዲያ የሐይቅ ጤና እንዴት ይለካል? ከሁሉ ቀላሉ መሣሪያ የሰሃን ስፋት ያላት፣ ጥቁርና ነጭ የተቀባች ክብ ሰሌዳ ናት። ጣሊያናዊው ሳይንቲስት አንጄሎ ሴኪ እ.ኤ.አ. በ1865 የተጠቀመባት ስለሆነ በስሙ ትጠራለች። በገመድ ትወርድና ከዓይን የተሰወረችበት ጥልቀት ይመዘገባል። እንደ ቆቃ ባለ ደፍራሳ ውኃ ገና ከመውረዷ ትጠፋለች። ሁለተኛው በውኃው ውስጥ የሟሟው ኦክስጅን ነው። አልጌ ቀን በፀሐይ ብርሃን ኦክስጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን ይጠቀምበታል። ስለዚህ ዓሣ የሚታፈነው አብዛኛውን ጊዜ ሊነጋ ሲል ነው። እኩለ ቀን ላይ ብቻ የለካ ባለሙያ ሐይቁ ደህና ነው ብሎ ሊመለስ ይችላል! ፎስፎረስና ናይትሮጅንም ይለካሉ፤ አልጌውን የሚያደልቡት እነሱ ናቸውና።

በጣም የሚያሳስበን ማይክሮሲስቲስ የተባለው ነው። በተለምዶ ሰማያዊ አረንጓዴ አልጌ ይባላል እንጂ በእውነቱ የባክቴሪያ ዘር ነው። በሰውነቱ ውስጥ አየር የሚይዙ ጥቃቅን ከረጢቶች ስላሉት፣ ሌላው አልጌ በድፍርሱ ውስጥ ብርሃን አጥቶ ሲቀር እሱ ወደ ላይ ይንሳፈፋል። ነፋስ ወደ አንድ ዳርቻ ሲገፋው እንደ አረንጓዴ ቀለም ይወፍራል። የሚቀዳውም ከዳር ነው። ናሙና ከሐይቁ መካከል ብቻ ከተወሰደ የጀሪካኑን ውኃ አይናገርም።

ማይክሮሲስቲስ የሚያመነጨው ማይክሮሲስቲን ጉበትን የሚጎዳ መርዝ ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ዘወትር ለሚጠጣ ውኃ ያስቀመጠው ጣሪያ በአንድ ሊትር 1 ማይክሮ ግራም፣ ማለትም የሚሊ ግራም አንድ ሺኛ ነው። እናቶች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው፣ ይህ መርዝ በማፍላት አይጠፋም። ማፍላት ለተቅማጥና ለታይፎይድ ተሕዋስያን ፍቱን ነው። አልጌውን ግን ሲያፈነዳው በውስጡ የያዘውን መርዝ ወደ ውኃው ይለቀዋል። አረንጓዴ ዝቃጭ ከተንሳፈፈበት ዳርቻ አለመቅዳት፣ ልጆችን በዚያ አለማጠብ፣ ከብትንም ማራቅ ይገባል። እ.ኤ.አ. በ2009 አልጀዚራ ቴሌቪዥን ስለዚህ አረንጓዴ ውኃና ስለ አካባቢው ሕዝብ ዘገባ ማቅረቡን የሚያስታውሱ ይኖራሉ። ካሜራ መጥቶ ይሄዳል፤ ሐይቅ ግን በየወሩ፣ በየዓመቱ፣ በዚያው ቦታ ካልተለካ እየዳነ ይሁን እየባሰበት ማወቅ አይቻልም።

የእምቦጭን ታሪክ እንይ። ጣና ላይ እ.ኤ.አ. በ2011 ታየ ሲባል አገር ደነገጠ። ቆቃ ግን እምቦጭን ያወቀው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አርባ ስድስት ዓመት!

በእኛ አስተያየት ዩኒቨርሲቲዎቻችን የዚህ ሙያ ሰው አላጡም። የጎደለው ውጤቱ ውኃውን ለሚጠጣው ሰው በሚገባው ቋንቋ፣ በመስጊድም በቀበሌም በጊዜው መድረሱ ነው። ወጣቶቻችንም ሊረዱ ይችላሉ። ሰሌዳዋን በቤት ውስጥ መሥራት ቀላል ነው፤ ቀኑን፣ ቦታውንና ጥልቀቱን መመዝገብ ደግሞ ደብተርና ትዕግሥት ብቻ ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2015 ጀምሮ ወደ ሰማይ የወጡት ሴንቲኔል 2 የተባሉ የአውሮፓ ሳተላይቶች በየአምስት ቀኑ የሚያነሱት ምስል ለማንም በነፃ ይገኛል፤ የአልጌውን አረንጓዴ ሽፋንና እምቦጩንም ያሳያል። ችግሩ ክረምት ላይ ነው። ሐምሌና ነሐሴ፣ ጎርፍ የአገሩን ቆሻሻ ሁሉ ወደ ቆቃ በሚያወርድበት ሰሞን፣ ሰማዩ በደመና ይሸፈንና ሳተላይቱ ደመናውን ብቻ ይዞ ያልፋል። በዚያን ጊዜ ጠርሙስ ይዞ ጀልባ ላይ የሚወጣ ሰው ያስፈልጋል።